የባለመጋረጃዋ መስታወት

ረመዳን ከሙቀቱ ወራት ጋር የገጠመበት ዓመት ነበር። ፀሐይዋ ጠዋት በጊዜ ወጥታ ማታ አልገባም የምትልበት፣ አስፋልቱ ጫማ ሥር እንደ ማስቲካ የሚለጠጥበት፣ ድመት እንኳ ከቆመ መኪና ሥር ንቅንቅ የማትልበት ወቅት። የጾመው በጾሙ ይጠማል፤ ያልጾመውም በጾመው ፊት ውኃ መጠጣት እያፈረ አብሮ ይጠማል። ቀኑ እንዲህ ሲጎተት ይውልና የመግሪብ አዛን ሲሰማ መንገዱ ጭር ይላል። ታክሲው ጥግ ይይዛል፣ ሱቁ ይዘጋል፣ ከየመስኮቱ የሳህንና የማንኪያ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ጥቂት ቆይቶ ግን ከተማው እንደገና ይነጋለታል። ልጆች ይለቀቃሉ፣ ነፋሱ ይቀዘቅዛል፣ ሰው ሁሉ የሆነ መልካም ወሬ የሰማ ይመስል ፊቱ ይፈታል። የዚያ ምሽት ደስታ፣ ሌላ ጊዜ ሌላ ቦታ ቢፈለግ አይገኝም።

አፍጥረው ከሚወጡት ሴቶች ብዙዎቹ የሚሄዱት ወደ ባለመጋረጃዋ ነበር።

ባለመጋረጃዋ ጸጉር ሠሪ ናት። ሙያውን የተማረችው ከአክስቷ ነው፤ ሌላም አልተማረች። አጠር ያለች፣ ወገቧ የሰፋ፣ ክንዷ የጠነከረ፣ ሳቋ ቅርብ የሆነ ሴት። ባሏን በጊዜ ቀብራ፣ አንዲት ሴት ልጇን እዚያችው ጸጉር ቤት ውስጥ አሳድጋ፣ አስተምራ፣ ድራ ወደ ሌላ ከተማ ሸኝታለች። ስሙን ያወጣላት የመንገዱ ሰው ነው። የድሮ ጸጉር ቤቷ ባንድ ያረጀ ግቢ መግቢያ ላይ ያለች ጠባብ ክፍል ነበረች፤ በሯ ላይ ድርብ የሆነ፣ ከባድ፣ አረንጓዴ መጋረጃ ተንጠልጥሏል። ነፋስ እንዳያነሳው ብላ ከጠርዙ አሸዋ ሞልታ የሰፋችበት ራሷ ናት። ለምን እንዲህ እንደምትጨነቅ ሲጠይቋት፣ “ነፋስም ቢሆን ወንድ ነው” ትል ነበር።

እዚያ ቤት የሚገባ ሁሉ ከውጭ ሆኖ ሰላምታ ያቀርባል፤ “ግቢ” እስኪባል ይቆማል። ሕጉ ለሙስሊሟም ለክርስቲያኗም፣ ለባንክ ሠራተኛዋም ለአትክልት ሻጯም አንድ ነው። ሒጃቧን አውልቃ የምትሠራው ብቻ ሳትሆን፣ ዕድሜ ልኳን ሻሽ አስራ የማታውቀውም ሌሎቹን ጸጉር ቤቶች አልፋ እዚህ ትመጣለች። ከመጋረጃው ጀርባ ጫማ ይወልቃል፣ ቀበቶ ይላላል፣ ስለ ባል እናት ይወራል። ወንድ ስለማያይ ሆድን ወደ ውስጥ መሳብ የለም። ባለመጋረጃዋም አዲስ ደንበኛ በመጣች ቁጥር አንዲት ቃል ትነግራታለች፤ “እኔ ጋ ጸጉርሽን የሚያየው ግድግዳው ብቻ ነው። ግድግዳውም አደራ ያውቃል።”

ረዳቷ ሬዲዮ ትባላለች። ጠዋት ስትገባ ተከፍታ ማታ ስትወጣ ስለምትዘጋ ነው። ሬዲዮ አንገቷ ላይ መስቀል ያሰረች ክርስቲያን ናት፤ ከባለመጋረጃዋ ጋር ከመክረሟ ብዛት ግን “ወላሂ” ሳትል ወሬ አትጨርስም። እናቷ አንድ ቀን ሰምታት፣ “አንቺ ልጅ፣ በማን ነው የምትምዪው?” ብላ ብትቆጣት፣ “እማዬ ሙች፣ ወላሂ አምልጦኝ ነው” አለቻት።

ደግሞ ሬዲዮ ብቻዋን አልነበረችም። መንገዱ ሁሉ እንደዚያ ነበር። ፊት ለፊት ያለው ሻይ ቤት ባለቤቱ መስጊድ ገብቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ አዛን ሲሰማ ግን ሳያስበው እጁ ወደ ሙዚቃው ይሄድና ድምፁን ይቀንሳል። ረመዳን ሲገባ ቀን ቀን ወንበሮቹን ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ደጅ ላይ ሻይ የሚጠጣ ሰው የጾመውን እንዳያስጎመጅ። ባለ ታክሲው “መጣሁ” ለማለት ኢንሻላህ ይላል፤ የቧንቧ ሠራተኛው ደግሞ “አልመጣም” ለማለት ኢንሻላህ ይላል። ሁሉም ይግባባል።

ያ አሮጌ ግቢ ታዲያ ፈረሰ። በምትኩ ፎቅ ተሠራ። የድሮ ተከራዮች ቅድሚያ ይሰጣቸዋል ተብሎ ባለመጋረጃዋም ምድር ቤቱ ላይ፣ ልክ ከሻይ ቤቱ ትይዩ፣ አንድ ሱቅ ደረሳት። ቁልፉን ልትቀበል ስትሄድ የሕንፃው ሥራ አስኪያጅ፣ ክራቫቱን እንደ ፍየል ገመድ ያጠበቀ ወጣት፣ ከወረቀቶቹ ቀና ብሎ እንዲህ አላት።

“እናቴ፣ አንድ ነገር ብቻ። ምድር ቤት ያለ ሱቅ ሁሉ በመስታወቱ ወደ ውጭ መታየት አለበት። መጋረጃ፣ ጋዜጣ፣ ጨርቅ መስቀል ክልክል ነው።”

“ልጄ፣ እኔ ጫማ አልሸጥም። እኔ ዘንድ የሚመጣው እንዳይታይ ብሎ ነው።”

“ደንብ ነው እናቴ።”

“ፎቅ ላይስ አንድ ጥግ የለም?”

“ፎቁ ሁሉ ቢሮ ነው፤ ተይዟል።” ፊቷ ሲጠቁር አይቶ ነው መሰለኝ ድምፁን አለዘበ። “ስቲከር አስለጥፉ። የሚያንጸባርቀውን። ከውጭ የሚያይ ራሱን ያያል እንጂ ውስጡን አያይም። እሱ አይከለከልም፤ ለሕንፃውም ውበት ነው።”

ስቲከር ለጣፊው በጠራራ ፀሐይ መጥቶ መስታወቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አለበሰው። ባለመጋረጃዋ በቀላሉ የምታምን ሴት አልነበረችም። ሬዲዮን ከውስጥ አቆመቻትና ራሷ መንገድ ላይ ወጥታ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጠፈች። የታያት የገዛ አፍንጫዋ ነው። ወደ ግራ ሄደች፣ ወደ ቀኝ ሄደች፣ ዘንበል አለች፤ ከራሷና ከኋላዋ ካለው ሻይ ቤት በቀር ምንም የለም።

“አሁን ምን እያደረግሽ ነው?” ብላ ጮኸች።

“ምላሴን እያወጣሁብሽ!” አለች ሬዲዮ ከውስጥ።

“አልሐምዱሊላህ” አለች ባለመጋረጃዋ፤ ልቧ ያን ቀን ዐረፈ።

እሷ ብታምንም ደንበኞቿን ማሳመን ሌላ ሥራ ነበር። መስታወት ቤት ውስጥ ሒጃብ ማውለቅ ማን ይደፍራል? ከሁሉ የከበደችው ዳይሬክተሯ ናት። በሠፈሩ ያለውን ትምህርት ቤት የምትመራ፣ ስትራመድ ልጆች ብቻ ሳይሆኑ ወላጆችም ሸሚዛቸውን ሱሪያቸው ውስጥ የሚከቱላት ሴት። የባሏ ወንድም እዚያው እቤታቸው ኖሮ ጸጉሯ ጥቁር ይሁን ቀይ ሳያውቅ አግብቶ ወጥቷል። እሷ ከመጣች ሌሎቹ ይከተላሉ፤ እሷ ከቀረች ጸጉር ቤቱ ይዘጋል። ባለመጋረጃዋ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ስለዚህ ቢሮዋ ድረስ ሄደች።

“መጋረጃ የሌላት ባለመጋረጃ ሆንሽ አሉ” አለች ዳይሬክተሯ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ።

“መጡም አልመጡም እርስዎ ያውቃሉ። እኔ ግን በቃሌ እንዳለሁ ነኝ። ጸጉርዎን ባዕድ ቢያየው በኔ ይሁን።”

“በአላህ ፊት?”

“በአላህ ፊት።”

ዳይሬክተሯ በሳምንቱ መጣች። ሌሎቹም ተከተሉ።

ከረመዳን በፊት የነበሩት ሳምንታት በሰላም አለፉ። ባለመጋረጃዋ እንደ ልማዷ ፀሐይ ሳትጠልቅ ዘግታ፣ መግሪብን እቤቷ ነው የምትሰግደው። ረመዳን ሲገባ ግን ቀን ቀን የሚመጣ ጠፋ። በዚያ ሙቀት ላይ ተጹሞ ጸጉር በሚያደርቀው ካስክ ሥር መቀመጥ ራስን መጋገር ነው። ሴቶቹ አፍጥረው፣ ነፍሳቸው መለስ ሲል መምጣት ጀመሩ። ባለመጋረጃዋም እዚያው በተምርና በውኃ ጾሟን ፈትታ፣ ሰግዳ፣ መብራቷን ታበራና ሥራዋን ትጀምራለች።

መጀመሪያ የታዘበችው ሬዲዮ ናት። “እንዴ! እዩት እስቲ! መስታወቱ ማታ ማታ ወደኛ ዞረ እኮ!”

እውነቷን ነው። ቀን ከውስጥ ሆነው መንገዱን ያዩበት የነበረው መስታወት፣ መብራት ሲበራ እነሱኑ መልሶ ያሳያል። ከወለል እስከ ጣሪያ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ። በድሮው ቤት አንዲት ጫፏ የተሸረፈ መስታወት ለሁሉም ስትዳረስ ኖራ፣ አሁን ይህ ሁሉ! ሴቶቹ በደስታ ሞቱ። ከዒድ በኋላ የምትዳር አንዲት ሙሽራ ፊቱ ቆማ ጸጉሯን እየበተነች ትሽከረከርበታለች። ወፍራሟ ነርስ ደግሞ በጎኗ ዞራ ትቆምና፣ “ይህ መስታወት ውሸታም ነው፤ እኔ እንዲህ አይደለሁም” ትላለች። ሬዲዮ የጸጉር ማድረቂያውን እንደ ማይክራፎን ይዛ ትዘፍንበታለች። ባለመጋረጃዋ ራሷ፣ ማንም በማያያት ጊዜ ሻሿን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ሽበቷን ተመልክታበታለች።

ሌላ ነገር ግን ቅር ይላት ጀመር። የጸጉር ቤቱ በር የሚከፈተው ወደ ሕንፃው መተላለፊያ ነው፤ ደንበኞቿ በጓሮው በር ገብተው በዚያው ይወጣሉ። ማታ ሥራ ስትጨርስ መብራቷን አጥፍታ፣ ቆልፋ፣ በመተላለፊያው ዞራ በዋናው በር ትወጣለች። ስትወጣ ፊት ለፊቷ ሻይ ቤቱ ነው። ሻይ ቤቱ ደጅ ላይ እንደ ድሮው ሰው ሞልቷል፤ ነገር ግን ሰው ሁሉ ወንበሩን አዙሮ ወደ ግድግዳው ነው የተቀመጠው። ጫማ ሰፊው፣ ባለ ታክሲው፣ የሒሳብ መምህሩ፣ ሁሉም። ዕድሜያቸውን መንገዱን እያዩ፣ አላፊ አግዳሚውን እያሙ የኖሩ ሰዎች!

“እንደምን አመሻችሁ!” አለች አንድ ምሽት።

“ደኅና! ደኅና አመሸን!” አሉ፤ ለግድግዳው።

ሁለተኛም ሦስተኛም ቀን እንዲሁ ሆነ። ሬዲዮን ብታማክራት፣ “ምናልባት ግድግዳው ላይ ፊልም ይመጣላቸው ይሆናል” ብላ ሳቀች። ባለመጋረጃዋ ግን አልሳቀችም። እነዚህ ሰዎች ባሏ ሲሞት ድንኳን የተከሉላት ናቸው። ምን አጠፋሁ? ከግቢው ተከራዮች ሁሉ እኔ ብቻ ሱቅ ስለደረሰኝ ይሆን? ኮራች ብለውኝ ይሆን? እያለች ሌሊቱን ስትገላበጥ ታድራለች። ጠዋት ሲያገኟት ደግሞ እንደ ወትሮው ይስቁላታል። ይህ ይበልጥ አበሳጫት።

ዒድ ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ጸጉር ቤቱ ጢም አለ። ዳይሬክተሯ ጸጉሯን ሂና ተቀብታ፣ ፎጣ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። የነርሷ ጸጉር በቢጎዲን ተጠቅልሏል። ሙሽራዋ እንደ ልማዷ ትሽከረከራለች። በዚህ መሃል የውኃ ማሞቂያው እምቢ አለ።

“እኔ ከሻይ ቤቱ ሙቅ ውኃ ላምጣ” አለች ባለመጋረጃዋ። ሬዲዮ እጇ በሳሙና ተይዟል። ማንቆርቆሪያውን አንስታ፣ መብራቱ እንደበራ፣ ሴቶቹ እንደሞሉ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ሰዓት ወጣች።

መንገዱን ተሻግራ ሻይ ቤቱ ደጅ ደረሰች። እንደ ፈራችው ሁሉም ጀርባውን ሰጥቷል። ባለ ሻይ ቤቱ ራሱ ትሪ ይዞ ሲወጣ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ እንዳያዞር እንደ ሸርጣን በጎኑ ይሄዳል። እዚህ ላይ የያዘችው ሁሉ ገነፈለ።

“ምን አድርጌያችሁ ነው?” አለች። “ስንት ዓመት ጎረቤት ኖረን! ሚስትህ አራስ ስትሆን ጸጉሯን ያጠብኩት እኔ፤ አንተን ወባ ሲጥልህ ሻይ ቤትህን የከፈትኩልህ እኔ። ዛሬ መስታወት ቤት ስለገባሁ ፊቴ አስጠላችሁ?”

“ኧረ እህቴ፣ ምን በወጣሽ…”

“እንግዲያ ዞረህ አናግረኛ!”

“መዞሩን እንኳ አልዞርም።”

ጫማ ሰፊው ግድግዳውን እያየ፣ “ንገራት እንግዲህ” አለ።

“አንተ ንገራት።”

“ሻይ ቤቱ ያንተ ነው።”

“ዓይኑ የሁላችንም አይደል?” አለ ባለ ሻይ ቤቱ። ትሪውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዘዋወረ። ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል። “እህቴ፣ እንዴት ብዬ ልንገርሽ? እኔ ከነገርኩሽ እኮ አይቻለሁ ማለት ነው።”

“ምኑን?”

“አላየሁም! ወላሂ አላየሁም!” አለ ያ መስጊድ ገብቶ የማያውቅ ሰው። ከዚያ አንገቱን ሳያዞር፣ በትሪው ጠርዝ ከትከሻው በላይ ወደ ኋላው አመለከተ።

ባለመጋረጃዋ ዞረች።

ጸጉር ቤቷ በጨለማው መንገድ ላይ እንደ ዓሣ ማሳያ ሣጥን በርቷል። ሁሉም ይታያል። የነርሷ ቢጎዲን አንድ በአንድ ይቆጠራል። ሙሽራዋ ጸጉሯን በትና ትዞራለች። ሬዲዮ የሳሙና እጇን እያወዛወዘች ለመንገዱ ሁሉ ትዘፍናለች። መሃል ላይ፣ እንደ ንግሥት ቀጥ ብላ፣ ዳይሬክተሯ፤ ከነሂናዋ። ከመስታወቱ ውጭ ደግሞ የሕንፃው ሽማግሌ ዘበኛ፣ ዝናብ ከጠፋ ወራት በሆነበት ሰሞን ትልቅ ጥቁር ጃንጥላ ዘርግቶ፣ ጀርባውን ለጸጉር ቤቱ ሰጥቶ፣ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ይላል። ሴቶቹን ሁሉ የሚሸፍን ጃንጥላ ግን የለም።

“ሱብሃነላህ!” አለች። ለካ ስቲከሩ የሚያንጸባርቀው ብርሃን ወዳለበት ነው። ቀን ብርሃኑ ውጭ ነው፤ ማታ ውስጥ። ይህንን ስቲከር ለጣፊው አልነገራትም፣ እሷም አልጠየቀችም።

“ታዲያ ለሚስትህ አትነግራትም ነበር? እሷ ትነግረኝ!”

“‘አንተ ምን ስታይ ነበር?’ ብትለኝ ምን ልበላት?” ብሎ ጮኸ፤ እሷ ግን ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች መንገዱን በሩጫ እያቋረጠች ነበር። ያቺ ወገበ ሰፊ ሴት ስትሮጥ ያየ አልነበረም፤ ያን ምሽትም ሁሉም ግድግዳውን እያየ ስለነበር አላያትም።

በመተላለፊያው ገብታ፣ በሩን በርግዳ፣ ማብሪያውን ተጫነች። ድርግም።

“መብራት ሄደ!” አሉ ሴቶቹ ባንድ አፍ።

“ሂናዬ!” አለች ዳይሬክተሯ።

ባለመጋረጃዋ ሬዲዮን በጨለማ ዳብሳ ያዘቻትና በጆሮዋ ነገረቻት። ሬዲዮ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፇን ቀነሰች። “ቆጣሪው ነው በያቸው” አለች በሹክሹክታ። “ነገ ደንቡ ምንም ይበል፣ መጋረጃ እንሰቅላለን። እነዚያ ሰዎች እንደሆኑ እስከ መቃብር አይናገሩም። ማን ያውቅብሻል?”

ባለመጋረጃዋ ማንቆርቆሪያውን አላስቀመጠችም። ሬዲዮ ያለችው እውነት ነው፤ ማንም አያውቅም። ነገሩ ተሸፍኖ ቢቀር ደግ ነው ብላ ልቧ ሊያሳምናት ሞከረ፤ የሰው ነውር መሸፈን መቼም ምንዳ አለው። ነገር ግን ይህ የማን ነው? የሚሸፈነው የሷ ጥፋት ነው፤ የታየው ግን የነሱ ጸጉር። ብነግራቸው ይጣሉኛል፣ ዝም ብላቸው አምነውኝ ይቀመጣሉ። ያመኑኝ ደግሞ ዳኛ ፊት አይደለም፣ አላህ ፊት ነው።

“እህቶቼ” አለች። “መብራት አልሄደም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።”

ነገረቻቸው። አላሳጠረችም፣ አላስረዘመችም። ስቲከሩ ማታ እንደሚገለበጥ፣ ረመዳን ከገባ ጀምሮ መብራት በበራ ቁጥር ከመንገድ እንደሚታዩ፣ እሷም አሁን ገና እንዳየች። ከጨለማው ውስጥ አንዷ “አስተግፊሩላህ” አለች። ሙሽራዋ ማልቀስ ጀመረች። ሁሉም እየዳበሰ ሻሹን ሲፈልግ፣ የሰው ሻሽ ሲጎትት ይሰማል።

“ማን አየ?” አለች ዳይሬክተሯ። ድምፁ የቢሮው ድምፅ ነው።

“እርስዎ ራስዎ ይዩ” አለች ባለመጋረጃዋ።

መብራቱ ስለጠፋ መስታወቱ እንደገና ወደ ውጭ ያሳይ ነበር። ሴቶቹ ሻሻቸውን አጥብቀው ተጠጉ። ማዶ፣ በሻይ ቤቱ ብርሃን፣ አንድ ረድፍ ሙሉ ጀርባ ይታያል። ሰፊ ጀርባ፣ ጎባጣ ጀርባ፣ ሸሚዙ በላብ የተጣበቀበት ጀርባ። እንደ ተቀጣ ተማሪ ሁሉም ከግድግዳ ጋር ተፋጧል። መስታወቱ አጠገብ ደግሞ ሽማግሌው ዘበኛ፣ መብራቱ መጥፋቱን እንኳ ሳያውቅ፣ ጃንጥላውን ይዞ ወዲያና ወዲህ ይላል።

ዳይሬክተሯ መነጽሯን ዳብሳ አጠለቀች።

“ከዳር ያለው የኛ የሒሳብ መምህር አይደለም?” አለች።

“እሱ ነው።”

“ሰሞኑን ኮሪደር ላይ ሲያገኘኝ ጫማውን እያየ የሚያልፈው ለካ…”

መጀመሪያ ያመለጣት ነርሷ ናት። ሳቋን በሻሿ ልታፍን ሞክራ ቢጎዲኑ ተንኮሻኮሸ። ከዚያ ሬዲዮ፣ ከዚያ ሙሽራዋ ራሷ፣ በእንባዋ መሃል። ሁሉም ግን አልሳቁም። ሁለት ሴቶች ሻሻቸውን እንዳሰሩ፣ ጸጉራቸው እርጥብ እንደሆነ፣ ሰላም ሳይሉ ወጡ። ባለመጋረጃዋ በር ከፈተችላቸው፤ ቀና ብላ አላየቻቸውም።

ሂናው ግን አይጠብቅም። መብራት ማብራት አይቻልም፣ በጨለማ ማጠብም አይሆንም። ሬዲዮ ነች ያሰበችው፤ በመተላለፊያው መጨረሻ መስኮት የሌለው፣ ከሶላት በፊት የሚታጠቡበት የሴቶች ውዱእ ማድረጊያ አለ። ዳይሬክተሯን እጅና እጇን ይዘው፣ እንደ ሙሽራ ተሸፋፍና፣ ወደዚያ ወሰዷት። ቧንቧዎቹ የተተከሉት እግር ለማጠብ ስለሆነ ዝቅ ያሉ ናቸው፤ ያቺ የተከበረች ሴት በርጩማ ላይ ተቀምጣ አንገቷን እስከ ጉልበቷ ደፋች። ባለመጋረጃዋ በርከክ ብላ ታጥባለች። ቀዩ ውኃ በበሩ ሥር ወጥቶ ኖሮ፣ ዘበኛው በስተውጭ “ኧረ ደም! ማን ተጎዳ?” እያለ ሲጮኽ ተሰማ።

“አባባ፣ ሂና ነው!” አለች ሬዲዮ። “ወላሂ፣ ጃንጥላህን ይዘህ ወደዚያ ዙር!”

ባለመጋረጃዋ ጸጉሩን በእጇ ሰብስባ ስትጨምቅ፣ ዳይሬክተሯ እንደተደፋች ተናገረች።

“ባትነግሪኝ ኖሮ መቼም አላውቅም ነበር።”

“አያውቁም ነበር።”

“ታዲያ ለምን ነገርሽኝ?”

“ጸጉሩ የእርስዎ ነዋ።”

ውኃው ወረደ። ዳይሬክተሯ ፎጣውን ተቀብላ ጠመጠመች፣ በላዩ ሒጃቧን አሰረች፣ ቀና ብላ ቆመች። “እዚያ ክፍል ሁለተኛ አልገባም” አለች። “ለሌሎቹም አትግቡ ብዬ እናገራለሁ።”

“እሺ” አለች ባለመጋረጃዋ። ዕድሜ ልኳን የሠራችበት ስም በዚያ ቀይ ውኃ አብሮ የሄደ መሰላት።

ዳይሬክተሯ በሩ ላይ ደርሳ ቆመች። “ቅዳሜ ከዙሁር ሶላት በኋላ እቤቴ ነይ። ጫፉ ይቆረጥልኝ። እህቴም ትሠራለች፣ የልጄም ሚስት። እቃሽን ይዘሽ ነይ።”

በማግስቱ ባለመጋረጃዋ ሻይ ቤቱ ደጅ አለፈች። ቀን ስለነበር ወንበሮቹ ውስጥ ናቸው። ባለ ሻይ ቤቱ ብርጭቆ ሲያጥብ አያት፤ ዓይኑን የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

“ጀርባህ አምሮብሃል” አለችው።

“አንገቴ ግን ተሰብሯል” አለ።

ሁለቱም እስኪያነቡ ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር በመካከላቸው አልተነሣም።

ዒድ ካለፈ በኋላ ቁልፉን ለሥራ አስኪያጁ መለሰች። እሱም ደንግጦ፣ ሌላ ወፈር ያለ ስቲከር እንዳለ፣ እንዲያውም ደንቡ ሊሻሻል እንደሚችል ነገራት። “ልጄ፣ አንተ አልበደልከኝም” ብላ መርቃው ወጣች። ሬዲዮ አንድ ጸጉር ቤት ተቀጥራ ገባች፤ እዚያም ሳትዘጋ ትውላለች ይባላል። በዚያ ሱቅ አሁን የስልክ መሸፈኛ ይሸጥበታል።

ባለመጋረጃዋ ካስኳን ሸጣ፣ ማበጠሪያዋን፣ መቀሷንና ሂናዋን ባንድ ቦርሳ ከትታ ከቤት ወደ ቤት መዞር ጀመረች። ያን ምሽት በእርጥብ ጸጉራቸው የወጡት ሁለቱ ሴቶች አልጠሯትም፤ አንዷ መንገድ ላይ ስታገኛት ሰላም ትላታለች፣ ሌላዋ ዛሬም አትልም። የቀሩት ግን ጠሯት፤ ከዳይሬክተሯ ቤት ወደ እህቷ፣ ከእህቷ ወደ ጎረቤቷ። መጀመሪያ ሳምንቱን ሙሉ በአንድ ሠፈር ትውላለች ተባለ፣ ቆይቶ ደግሞ ቀጠሮ ለማግኘት ወር ይጠበቃል ተባለ። ነርሷ ስትዳር፣ ሙሽራዋ ስትወልድ፣ የሙሽራዋ ልጅ የመጀመሪያ ጸጉሩ ሲላጭ እሷ ነበረች። የሒሳብ መምህሩ ሊያገባ ሲልም የሙሽሪትን ጸጉር የሠራችው እሷ ናት፤ ዳይሬክተሯ ናት አሉ የመረጠችለት።

ኋላ ኋላ ጉልበቷ ደረጃ አልወጣም አላት። ፎቁ እየበዛ፣ አሳንሰሩ እየተበላሸ፣ ቦርሳው እየከበደ ሄደ። ልጇ መጥታ ወሰደቻት። አሁን ልጇ በምትኖርበት የወደብ ከተማ ናት፤ ለሚፈልጋት፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው ባለ ሦስት ፎቅ ቤት፣ ምድር ቤቱ ላይ፣ በግራ በኩል። ጠዋት ጠዋት ለጎረቤት ሴቶች ጸጉር ትሠራለች፤ ከዐስር ሶላት በኋላ ትተኛለች።